የመኪና ባትሪ ለምን ይደክማል?

አንድ ማኅበር አሮጌ ላንድሮቨር አለው እንበል። መኪናው እህል ወደ ገበያ ይወስዳል፤ ማዳበሪያ ያመጣል፤ ምጥ የጠናባትን እናት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አንድ ቀን ጧት ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናው «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል። «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ይባላል። የማኅበሩ ገንዘብ ወጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መኪናው እንደገና ይቆማል። ገንዘቡ ሄደ፤ ችግሩ ግን እዚያው አለ።

ይህ የሚሆነው በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ስለሚገዛ ነው። ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ግን በሽታውን ለይቶ ማወቅ ይችላል። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

ባትሪ ምንድን ነው?

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ጎተራ እህል ያስቀምጣል እንጂ እህል አያበቅልም። ባትሪም ኤሌክትሪክ ያስቀምጣል እንጂ ራሱን አይሞላም። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው በሞተሩ የሚጎተት ቺንጋ ነው። ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ደግሞ ኤሌክትሪኩ እንዳይበዛም እንዳያንስም ይቆጣጠራል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። ከጎተራው በአንድ ጊዜ ብዙ የሚዝቀው እሱ ነው።

ጎተራው ባዶ ቢሆን ሁልጊዜ ጥፋቱ የጎተራው ነው? አይደለም። ምርቱ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ፈሶ ይሆናል፤ ወይም ሌሊት ሌባ ወስዶት ይሆናል። የባትሪም ነገር ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ አጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ ክልክል ነው። በውስጡ ያለው አሲድ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ከገባ እየታጠባችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ገመድ ስትፈቱ መጀመሪያ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን ፍቱ፤ ስታስሩ ደግሞ እሱን መጨረሻ እሰሩ።

አንደኛ፤ በዓይን ማየት

ኮፈኑን ክፈቱ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት አለ? ገመዱ ላልቷል? ደለል የሞላው ቦይ ውሃ እንደማያሳልፍ ሁሉ፣ የዛገ ማያያዣም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፍቱትና በሙቅ ውሃ አጥባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ግራሶ ቀቡት።

ቺንጋውን መካከሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። ወደ 1 ሳንቲሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ብዙ ከገባ ላልቷል፤ ዲናሞውን በደንብ አያዞርም።

ባትሪው ክዳን ካለው ከፍታችሁ ውሃውን እዩ። ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ። የወንዝ ውሃ አይሆንም። አሲድም አይጨመርም።

ሁለተኛ፤ በቴስተር መለካት

ቮልት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። የሚለካውም ቴስተር በሚባል ዕቃ ነው። ማዞሪያውን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን ሽቦ በባትሪው የመደመር ምልክት (+)፣ ጥቁሩን በመቀነስ ምልክት (−) ላይ አስነኩ።

የ12 ቮልት ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። ሲሞላ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። 6 ጊዜ 2.1 ስንት ነው? 12.6 ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ተብሎ ይነበባል።

መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ ካደረ በኋላ ለኩ።
12.6 ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው።
12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው።
ከ12.0 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው።

ነጥቧን አትዝለሏት። 12.6 እና 12.0 ሲያዩዋቸው ይቀራረባሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሙሉና የባዶ ጎተራ ነው።

አሁን አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፤ እናንተ ቁጥሩን ተመልከቱ። ሞተሪኖው ሲዞር ቁጥሩ ይወርዳል። የሞላ ባትሪ ሆኖ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ሳይደክም አልቀረም።

ሦስተኛ፤ ዲናሞው ይሠራል?

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ እንደገና ለኩ። የጥንቱ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ትንሽ ነውና።
ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ደህና ነው፤ ባትሪው እየሞላ ነው።
ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከነበረው ቁጥር ካልጨመረ ባትሪው እየሞላ አይደለም። ቺንጋውን፣ ዲናሞውን፣ ሬጉሌተሩንና ሽቦዎቹን አስመርምሩ።
ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። የባትሪው ውሃ ይፈላል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ቴስተር ከሌለ በማታ የፊት መብራቱን አብሩና ነዳጅ ስጡ። መብራቱ ከደመቀ ዲናሞው ይሠራል ማለት ነው። እንደፈዘዘ ከቀረ ግን ያጠራጥራል።

አንዳንድ ሰው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላል። ይህን አታድርጉ። በተለይ አልተርኔተር ያለውን መኪና ይህ ፍተሻ ያቃጥለዋል።

አራተኛ፤ መንገዱ ክፍት ነው?

በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። መብራት እንደበራ፣ ሞተሩም እየሠራ አንዱን የቴስተር ሽቦ በባትሪው (−) ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አስነኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። ማጽዳት ብቻ ይበቃው ይሆናል፤ ወጪውም ምንም አይደለም።

አምስተኛ፤ ሌባ አለ?

ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጧት ባዶ ሆኖ ይገኛል? እንግዲያው ማታ አንዱን ገመድ ፈትታችሁ አሳድሩ። ጧት ስታስሩት ሞተሩ ከተነሳ፣ ሌሊት ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር አለ ማለት ነው። ሳይጠፋ የሚያድር ትንሽ መብራት ሊሆን ይችላል።

አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት

የባትሪውን ክፍሎች ቁጠሩ። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ቮልስዋገኖች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነው፤ ባትሪያቸው 3 ክፍል ብቻ አለው። ደግሞም ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ በላንድሮቨርም ጭምር፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው (+) ነው። በእንዲህ ያለው መኪና የአራተኛውን ፍተሻ የምታደርጉት በ(+) ራስ ላይ ነው። ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ተገላቢጦሽ ከታሰረ ዕቃው ይቃጠላል።

በማኅበሩ ደብተር ቀኑንና ሦስት ቁጥሮችን ጻፉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሲነሳ፣ ከተነሳ በኋላ። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ማንም በግምት ዕቃ አያስገዛውም።

መልመጃ
1. ባትሪውን የሚሞላው ምንድን ነው?
2. ሞተሩ ሳይነሳ 12.5፣ ከተነሳ በኋላም 12.3 ቢያሳይ መመርመር ያለበት ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?
3. ባትሪ አጠገብ ኩራዝ የማይበራው ለምንድን ነው?