ሐረርን በበሮቿ

ሐረርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ይጀምራል፤ ባጃጁም አስጎብኚውም ወደዚያው ይወስዱታል። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ከከተማዋ በስተደቡብ ወዳለው ሐኪም ጋራ ይውጡ። ስሙን ከሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት ጠርሙስ ላይ ብቻ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ ለሐረሪዎች ግን የአው ሐኪም ዚያራ፣ ማለትም ምእመናን የሚጎበኙት የአውልያ ስፍራ፣ ያለበት የተከበረ ቦታ ነው። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ በሙሉ ከፊትዎ ተዘርግቶ ይታያል። በ48 ሔክታር መሬት ውስጥ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ ዚያራዎች ታጭቀዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። የሐረርን ጦር ይመሩ የነበሩት ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከወደቁ በኋላ ጦራቸው ተበተነ፤ የኦሮሞ መስፋፋትም ወደ ምሥራቁ ደጋ ስለደረሰ ከተማዋ ራሷን ማጠር ግድ ሆነባት። አምስት በሮችም ተተዉላት። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይላቸዋል፤ ሐረሪው ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ። በግንብ የታጠረች ከተማ በግንቡ ውስጥ አታርስም፤ የምትበላው ሁሉ በበር ነው የሚገባው። ስለዚህ ሐረርን መጎብኘትና ሐረር ውስጥ መብላት እንደ ሁለት ጉዳይ አይታዩኝም።

ይህን ለማየት ከጋራው ወርደው ጠዋት በር ላይ መቆም ነው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ስኳር ድንች፣ ወተት፣ ጫትና ማገዶ ተሸክመው ይገባሉ፤ ኦሮምኛው፣ ሐረሪው፣ አማርኛውና ሶማልኛው በአንድ ድርድር ውስጥ ይቀላቀላል። ቁርስ ከበር ብዙ ሳይርቁ ይገኛል። ፉል አለ፣ ፈጢራ አለ፣ ሸዋ በር አካባቢ ደግሞ ትኩስ ሳንቡሳ። ቤት የሚጋብዝዎ ካገኙ ግን ቁጢ ይጠይቁ። የቡና ቅጠል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ወተት ተጨምሮበት ይጠጣል። የሐረር ቡና ፍሬው በግመል ወደ ዘይላ ወርዶ ባሕር ሲሻገር የኖረ ሸቀጥ ነው፤ ቅጠሉ ግን እዚሁ ቀርቶ የቤት መጠጥ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የሐረሪ ቤት ነው። አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ፣ አንዳንዶቹም በትንሽ ክፍያ ያስጎበኛሉ። ከውጭ የሚታየው ረጅም አጥርና አንዲት በር ብቻ ነው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ወለሉ ቀይ ነው፤ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው የጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው የሚሉ አሉ። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩት መደቦች ነደባ ይባላሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። አባወራው በአሚር ነደባ ላይ ሆኖ በሩን ይጠብቃል፤ እንግዳው በሰፊው፣ በጊዲር ነደባ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሸፈነ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ በእኔ ሚዛን፣ ሦስት ሙዚየም ከማየት ይበልጣል። ሑልባት መረቅ ከቀረበልዎ አይለፉት። ከአብሽ የሚሠራ ወፍራም መረቅ ነው፤ ምሬቱ ያልለመደውን መጀመሪያ ያስደነግጣል።

ከዚያ በመኪና ግርግር በኩል ያልፋሉ፤ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲንጀራቸውን ያንቀረቅባሉ። ጊዲር መጋላ የሥጋው ገበያ ነው፤ የግመል ሥጋም ይሸጥበታል። ሥጋ በእጅዎ ይዘው ከወጡ ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ጭልፊቶቹ ጣሪያ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ከእጅ ነጥቀው ለመሄድም አያፍሩም።

የራምቦ ቤት የሚባለውን ሁሉም ያሳይዎታል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ለአንድ የንግድ ድርጅት ሊሠራ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ወደ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕሩ ወረደ፣ በዚያው ዓመትም ማርሴይ ላይ ሞተ። በስሙ የሚጠራውን ቤት ያሠራው ግን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ ከሄደ በኋላ የተሠራ ስለሆነም አልኖረበትም። ቢሆንም የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ለማየት ይግቡ። አጠገቡ ተፈሪ መኮንን የኖሩበት ቤት አለ፤ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኖ የከተማዋን ጥንታዊ ሳንቲሞችና በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ይዟል።

ከቀትር በኋላ ከተማዋ ትረጋለች። የጫት ሰዓት ነው፤ ሱቁም ሰዉም በርጫ ላይ ናቸው። ጉዳይ ያለበት ሰው ከዚያ በፊት ይጨርስ፤ እንግዳ ግን ጠባብ ጠባቦቹን መንገዶች ያለ ግርግር የሚያያቸው ያን ጊዜ ነው።

ሲመሽ የሚታየው ጅብ ማብላት ታዋቂ ነው፣ ትርዒት መሆኑንም ማንም አይደብቅም። ከበስተኋላው ያለው ታሪክ ግን ይበልጥብኛል። በረሃብ ዘመን አውልያዎች በሐኪም ጋራ ተሰብስበው ጅቦቹን ገንፎ ለማብላት ቃል ኪዳን ገቡ ይባላል፤ ዛሬም በሙሐረም 10ኛው ቀን፣ በአሹራ፣ ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። በግንቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎችም ለእነሱ የተተዉ ናቸው፤ ሌሊት ገብተው መንገዱን ያጸዳሉ።

የጉዞውን ወር መምረጥ ከቻሉ ሁለት ነገር ያስቡ። በረመዳን ቀን ቀን ጀጎል ውስጥ የሚበላ ማግኘት ይከብዳል፤ አፍጥር ላይ ግን መንገዱ ሁሉ ምግብ ቤት ይሆናል። ከዒድ አልፈጥር በኋላ የሚጾሙት ስድስት ቀናት ሲያበቁ ደግሞ ሹዋሊድ ይከበራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበው በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን አልጋ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።