መድኃኒቱ አዲስ አበባ፣ ሃያው ቀን ሐይቅ

ኬሞቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በደም ሥር የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትከታተል እኔን ያደከመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ በየ21 ቀኑ ይሰጣት ስለነበር ሐኪሞቹ የሚያዩዋት አንዱን ቀን ነው፤ የቀሩት ሃያዎቹ የቤት ናቸው። ቤታችን ደግሞ ሐይቅ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መድኃኒቱን ከምትወስድበት ከአዲስ አበባ ከ400 በላይ ይርቃል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ተወስኖ ስለቆየ ይህ መንገድ ለወሎ ታማሚ እንግዳ አይደለም።

ኬሞቴራፒ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ነው። ካንሰሩ እንዲህ ያለ ነው፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚያመርተው መቅኔም እንዲሁ። የፀጉሩ መርገፍ ያሳዝናል እንጂ አይገድልም፤ በሻሽና በነጠላ ይታለፋል። የሚያሰጋው መቅኔው ነው። በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ የሚቀንሱት መድኃኒቱ በተሰጠ ዕለት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ታማሚዋ ማስታወኩ አልፎላት፣ እህል መቅመስ ጀምራ፣ ፊቷም መለስ ብሏል። «ተሻላት» የሚለው ወሬ የሚዳረሰውም በዚያው ሳምንት ነው።

ወሬው ከተዳረሰ ደግሞ ጠያቂው ይመጣል። ከውጫሌና ከአምባሰል ገጠር ዘመድ ሌሊት ተነስቶ ይደርሳል፤ አንዱ «እግዜር ይማርሽ»፣ ሌላው «አላህ ያሽርሽ» እያለ አቅፎ ይስማታል፤ ቡና ይፈላል፤ ከመካከላቸው ጉንፋን የያዘው፣ የሚያስል ሕፃን ያዘለች አትጠፋም። በር መዝጋት ነውር ነው። እኛ ያደረግነው ወንበሩን ወደ በረንዳ ማውጣት፣ ደጃፍ ላይ ውሃና ሳሙና ማስቀመጥ፣ አንዲት ኮስታራ አክስቴንም እንደ አጋፋሪ ማቆም ነበር። «አትሳሟት፣ ሐኪም ከልክሏል» ትላለች። ስለ ነጭ ሕዋስ ከሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ይህቺ አንዲት ቃል ሠርታልናለች፤ በሐኪም የሚቀየም የለም።

ምግቡም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ አይብ ቀረ። እንቁላሉ እስኪጠነክር ይቀቀላል፤ የሐይቁ ዓሣ በደንብ ከበሰለ ግሩም ነው። አፏ ሲቆስል በርበሬው በአልጫ ተተካ፤ ለብ ባለ ውሃና ጨው መጉመጥመጥ ያስታግሳል። የቡና ቁሌት ራሱ ያቅለሸልሻት ስለነበር ከቤት ርቆ ይቆላ ጀመር። ጾም ልያዝ ብላ ስታስቸግር የንስሐ አባቷ በአንድ ቃል ጨረሱት፤ ጠበሉንም በእነዚያ ቀናት ከምትጠጣው ይልቅ እንዲረጯት ተስማሙ። የአገር መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ወዳጅ አይታጣም። ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሐኪሙ ሳያውቅ አለመስጠት ነው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ፣ ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላዋል። ደም አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቶቹ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በሽንትና በትውኪያ ስለሚወጡ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፣ የተነካካው ልብስ ለብቻ ይታጠብ፣ የጉድጓድ ሽንት ቤትም ክዳን ይኑረው። ነፍሰ ጡር የሆነች አትንካው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትኩሳት ነው። ከመድኃኒት ቤት ቴርሞሜትር ይገዛ። 38 ዲግሪ ከደረሰ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም፤ መከላከያው የወረደ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊዳከም ስለሚችል በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅም አደገኛ ነው፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋውም። ድንገተኛ ክፍል የሚቀበለው ተረኛ ሐኪም ታማሚዋን አያውቃትምና፣ የመድኃኒቶቹ ስምና የተሰጡበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከትራሷ ሥር ይቀመጥ ነበር። ወደ ደሴ የሚያደርሰንን ሾፌር ስልክ ግድግዳ ላይ ጽፈናል፤ የመንገዱንም ሒሳብ ቀድመን ሰጥተነዋል፣ በእኩለ ሌሊት የዋጋ ክርክር እንዳይኖር።