ኦብጀክትና ሠንጠረዥ፤ በጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ የሚደርሰውን ችግር ከሥሩ ስለ መመርመር

የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት የተማሪዎችን ስም፣ የመረጡትን ትምህርትና የከፈሉትን ገንዘብ በኮምፒውተር በሚያኖርበት ጊዜ ከፕሮግራሙ የሚጠበቀው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም «ተመዝግቧል» ብሎ የተናገረው ሁሉ በእውነት ተመዝግቦ እንዲገኝ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሳይፈጽም ቢቀር ጉዳቱ በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አይቀርም። ገንዘቡን ከፍሎ ስሙ ከክፍሉ ዝርዝር የታጣው ተማሪ ይጉላላል፤ መዝገብ ቤቱም እምነት ያጣል።

ብዙዎቻችን ለመመረቂያ የምንሠራው ፕሮግራም በጃቫ የተጻፈ ሆኖ መረጃውን በዳታቤዝ የሚያኖር ነው። በላፕቶፕ ላይ ደኅና ሲሠራ የቆየው ፕሮግራም ወደ አፕሊኬሽን ሰርቨር በተዛወረ ጊዜ ግን ያልታሰበ ችግር ያመጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የችግሩን ምንጭና የምርመራውን መንገድ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. የሁለቱ ጠባይ

ኢ. ኤፍ. ኮድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የሬሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ገለጸ። በዚህ ሐሳብ መሠረት መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ ይቀመጣል፤ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበው የጃቫ ቋንቋ ደግሞ ነገርን ሁሉ የሚመለከተው እንደ ኦብጀክት ነው። ተማሪው አንድ ኦብጀክት ነው፤ የትምህርቶቹንም ዝርዝር በውስጡ ይዞ ይዞራል። ሠንጠረዥ ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም አንድ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል።

ለዚህ ተግባር እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው ከኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ ጋር የተያያዘው ኢንቲቲ ቢን አሠራሩ ከባድ ስለ ነበረ፣ ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃይበርኔትን ጀመረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 ጄ.ፒ.ኤ. የተባለው የጋራ ደንብ ወጣ። ጄ.ፒ.ኤ. ደንብ እንጂ ሠራተኛ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠሩት ሃይበርኔት፣ ኢክሊፕስሊንክና ኦፕንጄ.ፒ.ኤ. የመሳሰሉት ናቸው። ዋይልድፍላይ የተባለው ሰርቨር ከሃይበርኔት ጋር፣ ግላስፊሽ ደግሞ ከኢክሊፕስሊንክ ጋር ይመጣል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ የሚጠቅመን ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

2. ሦስቱ ወሰኖች

የአፕሊኬሽን ሰርቨር ዋና ጠባይ፣ እኛ በኮዳችን ውስጥ ያልጻፍናቸውን ወሰኖች እርሱ ራሱ ማበጀቱ ነው። ከነዚህም ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ትራንዛክሽን ነው፤ ወይ ሁሉ ይጻፋል፣ ወይ ምንም አይጻፍም የሚባልበት ወሰን ነው። ሁለተኛው ፐርዚስተንስ ኮንቴክስት ነው፤ አስተርጓሚው ኦብጀክቶቹን በዐይኑ የሚከታተልበት ክልል ነው። ሦስተኛው ክላስ ሎደር ነው፤ የትኛው የፕሮግራም ክፍል የትኛውን የላይብረሪ ቅጂ እንደሚያይ የሚወስን ነው።

በላፕቶፕ ላይ እነዚህ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በአንድነት ተጀምረው በአንድነት ስለሚያልቁ አይታወቁም። በሰርቨር ላይ ግን ይለያያሉ። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከነዚህ ወሰኖች አንዱን ሳያውቁ ከመሻገር የሚመጡ ናቸው።

3. ያልመጣው ዝርዝር

በጄ.ፒ.ኤ. ደንብ መሠረት፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ «አንድ ለብዙ» የሆነ ግንኙነት ተማሪው በተጠራ ጊዜ አብሮ አይመጣም፤ ዝርዝሩ የሚመጣው በተነካ ጊዜ ነው። ይህም ሌዚ ይባላል። እንግዲህ የአገልግሎቱ ክፍል ተማሪውን ከዳታቤዝ አውጥቶ ለገጹ አዘጋጅ ሰጠው እንበል። በዚያው ቅጽበት ትራንዛክሽኑ አለቀ፤ ሰርቨሩ ያበጀው ፐርዚስተንስ ኮንቴክስትም አብሮ ተዘጋ። ገጹ «የተማሪውን ትምህርቶች አሳይ» ባለ ጊዜ የሚጠየቅ የለምና ሃይበርኔት ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን የተባለውን ስሕተት ይጥላል።

ስሕተቱ የተሰማው በገጹ ላይ ነው፤ የተወለደው ግን በአገልግሎቱ ክፍል ነው። ኢክሊፕስሊንክ በዚህ ረገድ ለዘብ ያለ ስለ ሆነ፣ ኮንቴክስቱ ከተዘጋ በኋላም ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩን ያመጣል። ስለዚህ በግላስፊሽ ላይ ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳይለወጥበት በዋይልድፍላይ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ አዲሱ ሰርቨር ተበላሽቷል ከማለት ይልቅ፣ የቀድሞው ጉድለታችንን ሸፍኖልን ነበር ማለት ይሻላል።

4. መድኃኒቱ በሽታ ሲሆን

ይህን ስሕተት ያየ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ግንኙነቱን ሁሉ ኢገር ማድረግ፣ ማለት ሁሉም ሁልጊዜ አብሮ እንዲመጣ ማዘዝ ነው። ስሕተቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሌላ ይተካል። 2000 ተማሪዎችን በአንድ ጥያቄ ብንጠራ፣ አስተርጓሚው ለየአንዳንዱ ተማሪ የትምህርት ዝርዝር ሌላ ጥያቄ ሊልክ ይችላል፤ በጠቅላላው 2001 ጥያቄ ይሆናል። ዳታቤዙ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሆኖ 10 ተማሪዎች ብቻ ሲኖሩ ይህ አይታወቅም። ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ሆኖ እያንዳንዱ ምልልስ 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ግን፣ ለምልልሱ ብቻ 4 ሰከንድ ያኽል ይጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ ግንኙነቱን ሌዚ አድርጎ ትቶ፣ ዝርዝሩ በሚያስፈልግበት ጥያቄ ላይ ብቻ ጆይን ፌች በሚባለው ቃል አብሮ እንዲመጣ ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በጄ.ፒ.ኤ. 2.1 የገባው ኢንቲቲ ግራፍም ለዚሁ ያገለግላል። ሃይበርኔት ደግሞ ዝርዝሮቹን በጅምላ ማምጣት ይችላል፤ 50 በ50 ቢያመጣቸው 2001 የነበረው ጥያቄ 41 ይሆናል። በተጨማሪም «ብዙ ለአንድ» እና «አንድ ለአንድ» የሆኑ ግንኙነቶች በደንቡ ኢገር ሆነው ስለሚጀምሩ፣ እነዚህን በየቦታው ሌዚ ብሎ መጻፍ ይገባል።

5. ሳይጻፍ የቀረና እኩሌታው የተጻፈ

ከስሕተት ሁሉ የሚከፋው ዝም የሚለው ነው። በላፕቶፕ ላይ ትራንዛክሽኑን የሚጀምረውና የሚጨርሰው ራሱ ኮዱ ነው፤ በፐርዚስተንስ ኤክስ.ኤም.ኤል. ፋይል ውስጥም ሪሶርስ ሎካል ተብሎ ይጻፋል። በሰርቨር ላይ ግን ትራንዛክሽንን የሚያስተዳድረው ጄ.ቲ.ኤ. ነው። የቀድሞው ጽሑፍ ሳይለወጥ ቀርቶ ኢንቲቲ ማኔጀሩንም ኮዱ ራሱ ከፈጠረው፣ በጄ.ቲ.ኤ. ትራንዛክሽን ውስጥ አይገባም። የራሱን ትራንዛክሽን ሳይጀምር «አኑር» ቢባል ኦብጀክቱን ይቀበላል፤ ወደ ሠንጠረዡ ግን አይጽፈውም፤ ስሕተትም አያሰማም። ሰርቨሩ ራሱ የሚሰጠው ኢንቲቲ ማኔጀር ግን ትራንዛክሽን በሌለበት «አኑር» ቢባል ወዲያው ይጮኻል። ስለዚህ የሚጮኸውን መምረጥ ይሻላል።

ሁለተኛው አደጋ በኤክሴፕሽን ዐይነት የሚመጣ ነው። ራንታይም ኤክሴፕሽን ሲወረወር ሰርቨሩ የተጻፈውን ሁሉ ይሰርዛል። ቼክድ የሚባለው ኤክሴፕሽን ሲወረወር ግን፣ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር፣ አይሰርዝም። አንድ ሜተድ በመጀመሪያ ክፍያውን መዘገበ፣ ቀጥሎም ቦታ ሞልቷል የሚል ቼክድ ኤክሴፕሽን ወረወረ እንበል። ክፍያው ተመዝግቦ ይቀራል፤ ተማሪው ግን ቦታ የለውም። ለዚህ ኤክሴፕሽኑ ትራንዛክሽኑን እንዲሰርዝ በአኖቴሽን ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ አንድ ሜተድ በዚያው ክላስ ያለውን ሌላ ሜተድ በቀጥታ ሲጠራ ነው። የትራንዛክሽን አኖቴሽን የሚሠራው ጥሪው በሰርቨሩ ወኪል በኩል ሲያልፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ በቤት ውስጥ በተደረገ ጥሪ አኖቴሽኑ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

6. ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ረድፍ

በአንድ ክፍል አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ሁለት ጸሐፊዎች ያንኑ ገጽ ከፈቱ እንበል። ሁለቱም 1 የሚል ቍጥር ያያሉ፤ ሁለቱም ተማሪ ያስገባሉ፤ ሁለቱም 0 ብለው ይጽፋሉ። ዳታቤዙ አልተሳሳተም፤ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው ግን ተቀምጧል። ምክንያቱም ማየቱና መጻፉ በሁለት ልዩ ልዩ ትራንዛክሽን ስለ ተደረጉ ነው። ጄ.ፒ.ኤ. ለዚህ ቨርሽን የሚባል ዓምድ አዘጋጅቷል። ቨርሽኑ ከገጹ ጋር ሄዶ ከተመለሰ፣ ኋላ የሚጽፈው ሰው የያዘው ቍጥር እንዳረጀ ይታወቅና ኦፕቲሚስቲክ ሎክ ኤክሴፕሽን ይወረወራል። ይህ ስሕተት ጠባቂ እንጂ ጠላት አይደለም፤ ውጦ ዝም ማለት ሳይሆን ለጸሐፊው «መረጃው ተለውጧል፣ እንደ ገና ይመልከቱ» ብሎ መንገር ይገባል።

7. ስም አንድ፣ ክላስ ሁለት

በጃቫ አንድ ክላስ የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በጫነው ክላስ ሎደር ጭምር ነው። ሰርቨሩ የራሱ ሃይበርኔት እያለው እኛ ሌላ ቅጂ በፕሮግራማችን ውስጥ ብንጨምር፣ ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ክላሶች ይፈጠራሉ፤ አንዱም ወደ ሌላው ሊለወጥ አይችልም የሚል እንቆቅልሽ የመሰለ ስሕተት ይመጣል።

ለዚህ የቀረበ ሌላ ችግር አለ። የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ደንብ ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ከተዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በጃካርታ ኢ.ኢ. 9 የፓኬጁ ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተለወጠ። በጃቫክስ ስም የተጻፈ አኖቴሽን ጃካርታን ብቻ ለሚያውቅ ሰርቨር እንደሌለ ነው። ስለዚህ ክላሱ በፊታችን ቆሞ ሳለ «ይህን ኢንቲቲ አላውቀውም» ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኢምፖርቱን ማየት ይበጃል።

8. የምርመራው ቅደም ተከተል

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም የሚከተለውን ሥርዐት ለማቅረብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ በሰርቨሩ ሎግ ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ አለመተው፤ «ኮዝድ ባይ» ከሚሉት መስመሮች መጨረሻ ያለውን መፈለግ። ከላይ ያለው ሰርቨሩ የጠቀለለበት ልብስ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ከታች ነው።

ሁለተኛ፣ የኤስ.ኪው.ኤል. ሎግን ከፍቶ በአንድ ገጽ ስንት ጥያቄ እንደ ተላከ መቍጠር። የተጠበቀው 2 ሆኖ የተገኘው 200 ከሆነ ነገሩ ታውቋል።

ሦስተኛ፣ ትራንዛክሽኑ በየትኛው ሜተድ እንደ ተጀመረና በየትኛው እንዳለቀ በወረቀት ላይ መሣል።

አራተኛ፣ የፐርዚስተንስ ኤክስ.ኤም.ኤል. ፋይሉንና ከፕሮግራሙ ጋር የታሸጉትን ላይብረሪዎች ሰርቨሩ ከያዛቸው ጋር ማስተያየት።

አምስተኛ፣ ችግሩን በዚያው ዐይነት ሰርቨርና ዳታቤዝ ላይ በትንሽ ሙከራ መድገም፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ለውጦ ስሕተቱ ቢጠፋ፣ የትኛው እንዳዳነው ስለማይታወቅ ሌላ ቀን ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አስተርጓሚው የሠንጠረዥንና የኦብጀክትን ልዩነት እንደሚያቃልል እንጂ እንደማያጠፋው ነው። ኤስ.ኪው.ኤል. ከመጻፍ ያሳርፈናል፤ ኤስ.ኪው.ኤል. ከማወቅ ግን አያሳርፈንም። ስለዚህ ስሕተት በመጣ ጊዜ «የትኛው መስመር ነው?» ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ «በየትኛው ወሰን ውስጥ ነን? ወሰኑንስ ማን አበጀው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ የሚሠራው መዝገብ፣ «ተመዝግቧል» ያለው ነገር በማግሥቱም ተመዝግቦ የሚገኝበት ይሆናል ብለን እናምናለን።