ለክረምት ብርድ ትኩስ ድንች

በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ትኩስ ነገር ያምራል። ድንች ደግሞ ወጪው አይከብድም፤ ለፍልሰታ ጾምም ይሆናል።

አልጫ ለመሥራት ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት ሳያሳርሩ አቁላልተው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይጨምሩ። ድንቹን ልጠው፣ በአራት ከፍለው፣ ሙቅ ውኃ ጨምረው ያብስሉት። ሊወጣ ሲል ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል ያድርጉበት። ጊዜ ካጠረዎ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ወይም በአዋዜ ይበቃል።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። ብርሃን ላይ ቆይቶ አረንጓዴ የሆነ ወይም በጣም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዝ ይበዛበታል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ሲቀምሱት ከመረረዎ ለልጆች አይስጡ፤ ይጣሉት። ደህናውን አየር በሚያገኝ ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ።

መልካም ማዕድ!