ሰፈር ከመፍረሱ በፊት የሚጠይቅ ባለሙያ

ኢንጂነሪንግ የምንማር ብዙዎቻችን ያረጀ ሰፈር ስናይ ቶሎ የሚታየን አዲስ ሕንፃ ነው። ከዲዛይኑ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ እዚያ የሚኖረው ማን ነው? ቤቱስ የማን ነው? ይህን የሚያጠናው ሙያ የከተማ ፖሊሲ ጥናት ይባላል።

በአገራችን አንድ ምሳሌ ዶ/ር ኤልያስ ይትባረክ ዓለማየሁ ናቸው። ሕንፃ ኮሌጅ እየተባለ በሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ያስተማሩ አርክቴክት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ ተከራይ የሚበዛባቸውን የመሐል አዲስ አበባ ሰፈሮች ስለማሻሻል ነው።

ለምን ተከራይ? በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው በዚህ መጠለያ አገኘ፤ ነገር ግን በዚያ ኪራይ ቤቱን ማደስ አይቻልም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት ይፈራል። ስለዚህ ጣሪያው የዛገው በድህነት ብቻ ሳይሆን በሕጉም ምክንያት ነው። ይህን ለይቶ ማሳየት የተመራማሪው ሥራ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ተመራማሪው ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ሰፈሩን በካርታ ያሰፍራል፣ አዋጅና ማስተር ፕላን ያነባል። ጉልት የምትቸረችር እናት ገበያዋ ደጃፏ ነው። ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ቢደርሳት ቤቷ ይሻላል፤ ደንበኞቿ ግን አብረዋት አይሄዱም። ዕድሩ፣ ዕቁቡና የመስጊዱ ጀመዓም እንዲሁ ይበተናሉ። ይህን ኪሳራ ቆጥሮ የሚያቀርብ ከሌለ በካሳ ስሌት ውስጥ አይታይም።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የእኛዋ ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት፣ የሩዝ ወፍጮ የበዛባት ከተማ ናት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። መንገድ ሲሰፋ ወፍጮ ቤት ሩዝ የምታበጥረው ተከራይ የት ትሄዳለች? ርካሽ ቦታ ስትፈልግ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ላይ ትወድቅ ይሆን?

እንዴት ይገባበታል?

ከሲቪል ምህንድስና፣ ከአርክቴክቸር፣ ከጂኦግራፊ፣ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከሕግ ተነስቶ በማስተርስ ወደ ከተማ ፕላን መግባት ይቻላል። ስታትስቲክስና ጂአይኤስ ከአሁኑ ጀምሩ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም በምታውቁት ከተማ ላይ ሥሩ። የጎረቤትን ሐቅ በመድረሳ ተምረናል፤ ይህ ሙያ ያንን ሐቅ በቁጥርና በካርታ ለማስረዳት ያስችለናል። ወሏሁ አዕለም።