የጠፋ ባልንጀራን ስለ መፈለግ

ተራራ ከተራራ ባይገናኝ ሰው ከሰው ይገናኛል ይባላል። ነገር ግን ሰው ከሰው የሚገናኘው ፈላጊም ተፈላጊም መንገዱን ክፍት አድርገው የጠበቁት እንደ ሆነ ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለዚሁ ነገር ያየነውን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በሮቢት ከእኛ ጋራ ያደገ አንድ ባልንጀራ ነበረን። እኛ ከደብሩ ዳዊት ስንማር እርሱ ከቁርአን ቤት ይማር ነበር፤ ከትምህርት በኋላ ግን በአንድ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ማሽላ እንጠብቅ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ይህ ባልንጀራችን እንደ ብዙዎቹ የራያ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ። ከዚያም ወዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። እናቱም በበዓል ቀን ልንጠይቃቸው በሄድን ቁጥር፥ «አንተ ፊደል የቆጠርህ ልጅ፥ እስቲ ልጄን በጽሑፍ ፈልግልኝ፤ አላህ ያግዝህ» ይሉን ነበር።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በሰኔ 1988 ዓ.ም. ሳቢር ባቲያና ጃክ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ ሆትሜይል የተባለውን አገልግሎት ከፍተው፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ የደብዳቤ ሣጥን እንዲኖረው አደረጉ። በ1990 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ይህን አገልግሎት ገዛ፤ በዚያው ዓመት ያሁ የተባለው ሌላው ኩባንያ፥ የሰዎችን ስምና የኢሜይል አድራሻ በመዝገብ የሚያሰባስበውን ፎር ኢለቨን የተባለውን ድርጅት ገዝቶ የራሱን ኢሜይል ጀመረ። እነዚህም አገልግሎቶች የአባላት መዝገብ ነበራቸው። ሣጥን የሚከፍት ሰው ስሙንና የሚኖርበትን አገር ጽፎ፥ በመዝገቡ ለመግባት የወደደ እንደ ሆነ፥ የሚፈልገው ሁሉ ያገኘው ነበር።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። በ1995 ዓ.ም. ደሴ ከአንድ የኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን በደቂቃ እየከፈልን ስንፈልግ ግን ችግሩን አየነው። መዝገቡ የተሠራው በኤውሮፓና በአሜሪካ ልማድ ስለ ሆነ የሚጠይቀው የቤተ ሰብ ስም ነው። እኛ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን ስም ነው። የአይስላንድ ሰዎችም ከዚህ የሚቀራረብ ልማድ ስላላቸው የስልክ መዝገባቸውን በሰውየው በራሱ ስም ተራ ያዘጋጁታል። ሁለተኛው ችግር የፊደል ነው። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በኦ፥ አንዱ በዩ፥ አንዱ በኢ ይጽፈዋል፤ ጸጋዬ የሚለውን አንዱ በቲና በኤስ፥ ሌላው በቲና በዜድ ይጀምረዋል። ገብረ ሥላሴ የተባለ ሰው ስሙን ለሁለት ከፍሎ የጻፈ እንደ ሆነ መኪናው ሥላሴን የአባት ስም ያደርገዋል። በአንድ በኩል ግን ልማዳችን ይረዳል። በብዙ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትወስድ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ በመዝገብ ያጧታል፤ የእኛ እኅቶች ግን ቢያገቡም በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ፈላጊያቸው በዚህ አይቸገርም።

የባልንጀራችንን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርን፤ ያ ስም ያላቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ እርሱን ከመካከላቸው ለመለየት አልቻልንም። በመጨረሻ የትውልድ አገራችንን ስም ጨመርንበት። ሮቢት የሚባል ከተማ በሸዋም ስላለ ቆቦ ብለን አከልንበት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ወጣ። እኛም እንዳንታለል ስንል፥ «የጎሊና ጎርፍ የወሰደው የማንን ጫማ ነው?» ብለን ጻፍንለት። በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ መጣ፤ «የእኔን ነው፤ አንተም ብቻዬን እንዳልመታ ብለህ ያንተን ወረወርህ» ይላል። ደብዳቤውን ለእናቱ ሁለት ጊዜ አነበብንላቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

እነዚያ የአባላት መዝገቦች ዛሬ የሉም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ፌስቡክና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ቴሌግራም ያሉት ተተክተውባቸዋል። አድራሻውን ከመዝገቡ በደብተሩ ገልብጦ ያላስቀመጠ ሰው ባልንጀራውን ዳግመኛ ያጣ ዘንድ ይችላል። እኛ ግን ገልብጠን ነበር፤ ይህም ኋላ ጠቀመን።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። አሁን ፈላጊው ባልንጀራችን፥ ተፈላጊዋም እናቱ ሆኑ። እርሱም ከዓረብ አገር፥ «እናቴ በሕይወት አለች ወይ?» ብሎ ጻፈልን። እኛም በደሴ በየትምህርት ቤቱ የተጠለሉትን ተፈናቃዮች እየዞርን ጠየቅን። በመታወቂያ ወረቀት ላይ ባለው ስማቸው ብንጠይቅ የሚያውቃቸው ጠፋ። የእገሌ እናት፥ ቤታቸው ከመስጊዱ አጠገብ ያለው ብለን ስንጠይቅ ግን አንዲት ሴት ከምንጣፏ ተነሥታ፥ «በእግር መሄድ ስለ አልቻሉ ከቤታቸው ቀርተዋል። ስወጣ ደኅና ነበሩ፤ ጎረቤት ውሃ ያቀርብላቸዋል» አለችን። በዚያው ሌሊት ይህን ቃል ጻፍንለት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦ ከተለቀቀች በኋላ ስልኩ በተመለሰ ጊዜ የእናቱን ድምፅ ሰማ።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። በየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። በእርሱም የልጆችና የወዳጆች ስም እስከ አያት፥ የቤት ስማቸውና የክርስትና ስማቸው፥ የተወለዱበት ቀበሌ፥ ደብራቸው ወይም መስጊዳቸው፥ የተማሩበት ትምህርት ቤትና ዓመቱ፥ አድራሻቸውም ይጻፍ። ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍ እንደ ሆነ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። ከሩቅ አገር «ወዳጅህ ነኝ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ነገር ሳትጠይቁ ገንዘብም ምስጢርም አትላኩ። መገኘት የማይወድም ሰው ቢኖር ፈቃዱ ይከበርለት፤ አድራሻውን ሳያስፈቅዱ ለሌላ መስጠት ነውር ነው።

ባልንጀራችን በዚያ መዝገብ ሲገባ የተወለደባትን ከተማ ስም ባይጽፍ ኖሮ፥ እኛ እስከ ዛሬ በፈለግነው፥ እናቱም እስከ ዛሬ በጠየቁን ነበር።