በማረሚያ ቤት የሚሰጥ የሱስ ሕክምና

በማረሚያ ቤት የሚሰጥ የሱስ ሕክምና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያለባቸው እስረኞች በእስር ላይ እያሉ፣ ወይም የመፈቻቸው ጊዜ ሲቃረብ በማገገሚያ ማዕከል እየኖሩ የሚያገኙት ሕክምና ነው። ዓላማው እስረኛው ከሱስ እንዲላቀቅና ከተፈታ በኋላ ወደ ወንጀል እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ስለ ውጤታማነቱ ብዙ ጥናት ከተደረገባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት።

ታሪክ

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ለሱሰኞች የተለየ ሆስፒታል ከፈተ። ታካሚዎቹ ከፊሎቹ እስረኞች፣ ከፊሎቹ ደግሞ በፈቃዳቸው የገቡ ነበሩ። ሆኖም ከሆስፒታሉ ከወጡት አብዛኞቹ ወደ ዕፅ መመለሳቸው በጥናት ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ቻርልስ ዴደሪክ በካሊፎርኒያ ሲናኖን የተባለ ማኅበር መሠረተ። በማኅበሩ ውስጥ ሱሰኞች አብረው እየኖሩ እርስ በርሳቸው ይተራረሙ ነበር። «የሕክምና ማኅበረሰብ» የሚባለው ዘዴ ከዚህ ተነሥቶ ወደ እስር ቤቶች ገባ።

አሠራር

በሕክምና ማኅበረሰብ እስረኞቹ ከሌሎች እስረኞች ተለይተው ለብዙ ወራት አብረው ይኖራሉ። ሥራ ይከፋፈላሉ፣ በቡድን ይወያያሉ፤ ቀድመው የገቡት አዲሶቹን ይመራሉ። ሁለተኛው ዘዴ መድኃኒት ነው። ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን የሄሮይንና የመሰል ዕፆችን አምሮት ያስታግሳሉ።

ውጤታማነት

በዴላዌር ግዛት «ኪ» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1988 በእስር ቤት ውስጥ ተጀመረ። ቀጥሎም «ክሬስት» የተባለ ማገገሚያ ተከፈተ፤ በዚህ እስረኞቹ በማዕከሉ እያደሩ ውጭ ይሠሩ ነበር። ከተፈቱ ከ3 ዓመት በኋላ ውጤቱ እንዲህ ነበር፦

• ሕክምና ያላገኙ፦ ዳግም በፖሊስ ያልተያዙ 29%፣ ዕፅ ያልተጠቀሙ 5%
• ክሬስትን ያቋረጡ፦ 28% እና 17%
• ክሬስትን የጨረሱ፦ 55% እና 27%
• ጨርሰው በክትትል የቀጠሉ፦ 69% እና 35%

እነዚህ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። እስከ መጨረሻ የሚቆዩት ከመጀመሪያውም ለመለወጥ ይበልጥ የቆረጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ ሁሉ ከሕክምናው የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

በካሊፎርኒያ ደግሞ የግዛቱ ዋና ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1989 ጀምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣባቸው የእስር ቤት ፕሮግራሞች ወደ እስር የሚመለሱትን ሰዎች ቁጥር እንዳልቀነሱ አስታውቋል።

ከመፈታት በኋላ ያለው አደጋ

በእስር ወራት ሰውነት ዕፁን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እስረኛው ከተፈታ በኋላ ቀድሞ የለመደውን መጠን ቢወስድ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዋሽንግተን ግዛት ጥናት እንዳሳየው፣ ከተፈቱ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የመሞት አደጋ ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ ነበር።

ሮድ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በእስር ቤቶቿ መድኃኒት መስጠት ጀመረች፤ ሕክምናው ከተፈቱም በኋላ በውጭ ክሊኒኮች እንዲቀጥል አደረገች። የ2016 እና የ2017 የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሲነጻጸሩ፣ በቅርብ ከተፈቱ ሰዎች መካከል በዚህ ምክንያት የሞቱት ከ26 ወደ 9 ወርደዋል።